የሲሊከን ዳዮድ ዶዝ መለኪያ አሠራር፦ ቁጥሩ ለምን አይረጋም፣ እንዴትስ ይረጋል

ሰርኪዩቱ ይሠራል፣ ዳዮዱም ደህና ነው፣ ቁጥሩ ግን አይረጋም። ጠዋት የተገኘው ንባብ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከሆስፒታሉ መለኪያ ጋር ሲተያይ ደግሞ ወደ 30 በመቶ ይራራቃል። እዚህ ጎንደር የሲሊከን ዲቴክተርን ለመመረቂያ ሥራ መርጠው የሚጀምሩ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም የባዮሜዲካል ቴክኒሻኖች፣ ይዘውልኝ የሚመጡት ችግር ይኸው ነው። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ገና ጨረሩ ሳይለቀቅ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ፣ መበየጃው አጠገብ፣ ወይም የአየር ግፊት ከስልክ ላይ ሲነበብ። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

የምንሠራው ምንድን ነው

ቢፒደብሊው 34 የተባለውን ርካሽ ፎቶዳዮድ ወደ ጨረር ዲቴክተር እንቀይራለን። ዳዮዱ የተሠራው ብርሃን እንዲቀበል ነው። ኤክስሬይ ወይም ጋማ ሲያርፍበትም ግን ሲሊከኑ ውስጥ ቻርጅ ይፈጠራል። ያን ቻርጅ ሰብስበን እንለካዋለን። አንድ ጥንድ ቻርጅ ለመፍጠር ሲሊከን 3.6 ኤሌክትሮንቮልት ይበቃዋል፤ አየር ወደ 34 ይፈልጋል። ሲሊከን ከአየር እጅግ ስለሚከብድም፣ በእኩል ይዘት ሲተያዩ ከአየር ቻምበር (በውስጡ ባለው አየር ጨረርን ከሚለካ መሣሪያ) 18,000 እጥፍ ገደማ ሲግናል ይሰጣል። የሲሊከኑ ቁራጭ ከምስር ፍሬ ቢያንስም ለመለካት የሚበቃው ለዚህ ነው።

ይህ መሣሪያ ለፋንተም (በሰው አካል ምትክ ለሚለካበት ቁስ)፣ ለማሽን ፍተሻ፣ ለትምህርትና ለምርምር ነው። ታካሚ ላይ አትለጥፉት። የታካሚ ዶዝም (የሚቀበለውን የጨረር መጠን) በሱ አትወስኑ። ለዚያ የሚውለው ዲቴክተር ፈቃድ ያለውና በታወቀ ላቦራቶሪ የተስተካከለ መሆን አለበት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ከታቀደው ዶዝ 5 በመቶ መራቅ ሕክምናው ቆሞ እንዲጣራ የሚያደርግ ልዩነት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተበየደ መሣሪያ ደግሞ ሳታውቁት ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

ወረቀቱን አስቀድሙ። ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ፣ ከሆስፒታሉ ፈቃድ፣ ከራዲዮሎጂ ክፍሉ ደግሞ ሰዓት ያስፈልጋችኋል። ማሽኑን የሚነካው ራዲዮግራፈሩ ብቻ ነው። ተራ የሚጠብቅ ታካሚ እያለ ማሽኑን አትያዙ።

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ቢፒደብሊው 34 ዳዮድ፣ 10 ፍሬ
- ኤልኤምሲ 662 ኦፕ-አምፕ (ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ)፣ ቢያንስ 2
- ፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተር፣ 1 ናኖፋራድና 100 ናኖፋራድ
- ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ 8፣ ባለ አራት አራት ማቀፊያ 2
- ቀጭን ኮአክሺያል ኬብል፣ ትንሽ ማብሪያ፣ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር
- ክዳኑ ጥብቅ የሚል የብስኩት ቆርቆሮ
- አሉሚኒየም ፎይል፣ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ
- 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለስላሳ ብሩሽ
- መልቲሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትር
- ደብተር

ፒያሳ አካባቢ ያሉ የሬዲዮና የስልክ ጥገና ቤቶች ግማሹን አያሳጧችሁም። ዳዮዱና ኦፕ-አምፑ ግን ማስመጣት ሊጠይቁ ስለሚችሉ ቀድማችሁ እዘዙ።

ሁለት ነገር በሌላ አትተኩ። የመጀመሪያው ኦፕ-አምፑ ነው። «ኦፕ-አምፕ ያው ኦፕ-አምፕ ነው» ብሎ 741 የሚያስገባ ሰው አይጠፋም። 741 በመግቢያው በኩል ወደ 80 ናኖአምፔር ይወስዳል፤ ዳዮዱ ምንም ሳይሰጥ ካፓሲተሩ በቅጽበት ይሞላል። ኤልኤምሲ 662 የሚወስደው ከዚያ ሚሊዮኖች ጊዜ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ካፓሲተሩ ነው። ክብ ቡናማ ሴራሚክ አታስገቡ። ቻርጅ ይደብቃል፣ ዜሮ አድርጋችሁት ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያወጣዋል።

ደረጃ 1፦ ዳዮዱን ምረጡ

1. እያንዳንዱን ዳዮድ በትንሽ ወረቀት ቁጥር ስጡት።
2. መልቲሜትሩን ዳዮድ መለኪያ ላይ አድርጉ። ቀዩ ሽቦ አኖድ ላይ ሲሆን ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያነባል። ሲገለበጥ ምንም ማሳየት የለበትም። ይህን ስታደርጉ ዳዮዱን በእጃችሁ ሸፍኑት፣ ብርሃን ያሳስታል።
3. ካቶዱን በቀለም ምልክት አድርጉ። በኋላ ሲሸፈን አይታይም።
4. የትኛው ጥሩ እንደሆነ አሁን አትወስኑ። የሚወሰነው በደረጃ 5 ነው፤ ከአሥሩ በጨለማ ዝም የሚሉትን ሦስቱን ትወስዳላችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። የዚህ ዳዮድ ዘመዶች ጥቁር ፕላስቲክ ለብሰው ይመጣሉ። ጥቁር ስለሆኑ ብርሃን የማያስገቡ ይመስላሉ። ጥቁረቱ የሚያግደው ዓይን የሚያየውን ብርሃን ነው፤ ኢንፍራሬድ እንደ ልቡ ያልፋል። ግልጹንም ጥቁሩንም ብትይዙ የሚቀጥለው ደረጃ አይቀርላችሁም።

ደረጃ 2፦ ከብርሃን ሸፍኑት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም ወድቄያለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ንባቤ ጠዋት ልክ ሆኖ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እያደገ ይሄድ ነበር። ኦፕ-አምፕ ቀየርኩ፣ ካፓሲተር ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ። በመጨረሻ ከቴፑ አንድ ማዕዘን የጥፍር ያህል ተነስቶ አገኘሁት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ታርፍ ነበር።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ኬብሉን ከዳዮዱ እግሮች ጋር በይዱ። የመሃለኛው ሽቦ ካቶድ ላይ፣ የውጭው መረብ አኖድ ላይ።
2. እግሮቹንና ጀርባውን በቴፕ ጠቅልሉ። ፎይሉ እግር ከነካ ሾርት ይሆናል።
3. መላውን በአንድ ዙር አሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑ። ከፊት በኩል አንድ ንብርብር ብቻ፣ ያልተጨማደደ ይሁን። የወጥ ቤት ፎይል በ80 ኬቪ (የኤክስሬይ ቱቦው ቮልቴጅ በኪሎቮልት) ጨረር ላይ ይህ ነው የሚባል ተጽዕኖ የለውም።
4. ፎይሉን ከኬብሉ የውጭ መረብ ጋር አገናኙት። ያኔ ከብርሃንም ከመብራት ኃይል ጩኸትም ይከላከላል።
5. ከላይ ጥቁር ቴፕ አልብሱ። ኬብሉ የሚገባበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ጠቅልሉ፤ ብርሃን በኬብሉ ሽፋን ውስጥ ተንሸራትቶ ይገባል።
6. የፊቱን ገጽ በነጭ ነጥብ ምልክት አድርጉ። ዳዮድ ከጎን ሲመታና ከፊት ሲመታ እኩል አያነብም።

ጥቁር ቴፕ ብቻውን አይበቃም። ማስረጃ የሚፈልግ የቴሌቪዥን ሪሞት ያምጣ። ሪሞቱን ቴፕ ብቻ ወደለበሰው ዳዮድ አስጠግታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። በደረጃ 4 የምትሠሩት መሣሪያ ላይ ቁጥሩ ሲዘል ታያላችሁ። ፎይል ሲጨመርበት ዝም ይላል። ስልካችሁ ላይ ያለው የእጅ ባትሪ ይህን አይነግራችሁም፤ የሱ ብርሃን ኢንፍራሬድ እምብዛም የለበትም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ፈተና ስጡት፦ የስልክ መብራት፣ ሪሞት፣ ከዚያም ደጅ ወጥታችሁ ቀጥተኛ ፀሐይ።

ደረጃ 3፦ ኬብሉን አስሩ

ኮአክሺያል ኬብል ሲታጠፍ በውስጡ ያለው ፕላስቲክና መረብ ይፋተጋሉ፤ ቻርጅ ይፈጠራል። ያ ቻርጅ እናንተ ከምትለኩት ጋር ሊስተካከል ይችላል። ኬብሉን በየ30 ሴንቲሜትሩ በቴፕ ከጠረጴዛው ጋር አጣብቁት። ካስቀመጣችሁት በኋላ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በንባብ መሃል ማንም አይንካው። ከኬብሉ ጨረር ውስጥ የሚገባው ርዝመት እንዲያጥር፣ ኬብሉ ከጨረሩ ክልል በአጭሩ መንገድ ይውጣ።

ደረጃ 4፦ ቻርጅ ሰብሳቢውን ሥሩ

ሰርኪዩቱ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ንጽሕናው ላይ ነው።

1. ቺፑን ከመንካታችሁ በፊት መሬት የተገናኘ ብረት ንኩ። የሰውነት ስታቲክ ይገድለዋል።
2. 8ኛውን እግር ከ+6 ቮልት፣ 4ኛውን ከ−6 ቮልት ጋር አገናኙ። እያንዳንዱ ወገን አራት ባትሪ ነው። ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ አትስጡት፤ ድምሩ 18 ይሆናል፣ ቺፑ ከ16 በላይ አይችልም።
3. 3ኛውን እግር ግራውንድ ላይ አድርጉ። የኬብሉም የውጭ መረብ እዚያው ግራውንድ ላይ ይግባ።
4. 2ኛውን እግር ከቦርዱ አንሱት። ወደ ላይ አጥፉት፣ በአየር ላይ ይንጠልጠል። የኬብሉን መሃለኛ ሽቦና የካፓሲተሩን አንድ እግር እዚያው አየር ላይ በይዱበት። ይህ እግር ቦርዱን መንካት የለበትም።
5. የካፓሲተሩን ሌላ እግር ወደ 1ኛው እግር ውሰዱ። መውጫው እሱ ነው።
6. ከካፓሲተሩ ጎን ለጎን ማብሪያውንና 1 ኪሎኦሙን ተከታትለው አድርጉ። ዜሮ ማድረጊያችሁ ይህ ነው።
7. የማትጠቀሙበትን ግማሽ ዝም አሰኙት፦ 7ኛውን ከ6ኛው ጋር፣ 5ኛውን ከግራውንድ ጋር።
8. መልቲሜትሩን በ1ኛው እግርና በግራውንድ መካከል አድርጉ።

ዳዮዱ ላይ ምንም ቮልቴጅ አልሰጠንም። ሆን ተብሎ ነው። ቮልቴጅ ሲሰጠው ሲግናሉ ሊጨምር ይችላል፣ የጨለማ ከረንቱ (ብርሃንም ጨረርም ሳይኖር የሚፈሰው) ግን አብሮ ያድጋል። ዶዝ ለመለካት የሚፈለገው ጸጥታው ነው።

አሁን እጠቡት። የብየዳው ሙጫ፣ የጣት ቅባት፣ ትንፋሽ ሳይቀር ከረንት ያስተላልፋሉ። በአልኮሉና በብሩሹ ሁለት ጊዜ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ በኋላ ጠርዙን ብቻ ያዙ። የእጅ ሳኒታይዘር አልኮል ነው ብላችሁ እንዳታፈሱበት። ግሊሰሪን አለበት፤ ቀጭን ልባስ ጥሎ ይሄዳል፣ ካልታጠበው የባሰ ይሆናል።

የደረቀውን ቦርድ የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አስገቡና ቆርቆሮውን ከግራውንድ ጋር አገናኙት። በውስጡ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚስቡ ትንንሽ ከረጢቶች ሁለት ሦስት ጣሉበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ደረጃ 5፦ የጨለማ ፈተና

ይህን ያላለፈ መሣሪያ ሆስፒታል አይሄድም።

1. ባትሪውን አገናኙና 15 ደቂቃ ጠብቁ።
2. ማብሪያውን ተጭናችሁ ልቀቁ። መልቲሜትሩ ዜሮ አጠገብ ይጀምራል።
3. 60 ሰከንድ ቆጥራችሁ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሄደ ጻፉ።
4. በ60 አካፍሉት።

በ1 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ በሰከንድ 1 ሚሊቮልት መንሸራተት ማለት 1 ፒኮአምፔር ፍሳሽ ነው። ግባችሁ ከ0.5 ሚሊቮልት በታች ይሁን። አሥሩን ዳዮድ በየተራ በዚህ ፈትኗቸው። ልዩነታቸው ያስገርማችኋል፤ ከአንድ ማሸጊያ ወጥተው አንዱ ከሌላው በብዙ እጥፍ ይፈሳል።

ዳዮዱን ነቅላችሁ ብቻውን ሰርኪዩቱን ከለካችሁና አሁንም ከፈሰሰ፣ ጥፋቱ የንጽሕና ወይም የማብሪያው ነው። ዳዮዱ ሲገባ ብቻ ከፈሰሰ፣ ወይ ብርሃን ነው ወይ ዳዮዱ ራሱ ነው። ሙቀትንም አትርሱ። የጨለማ ከረንት በየ8 ወይም 10 ዲግሪው እጥፍ ይሆናል፤ ጠዋት 17 ዲግሪ በሆነ ክፍል ያለፈ ዳዮድ ከሰዓት በኋላ 25 ሲገባ ሊወድቅ ይችላል። ፈተናውን በቀኑ ሞቃት ሰዓት ስጡ።

ደረጃ 6፦ ኤክስሬይ ክፍል ውስጥ

1. ዲቴክተሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከቱቦው 100 ሴንቲሜትር ርቀት አስቀምጡ። በሜትር ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ።
2. ቆርቆሮውን ከጨረሩ ክልል አውጡት። ቺፑም ጨረር አይወድም።
3. ሁላችሁም ከመከለያው ጀርባ ውጡ። በሩ ይዘጋ። ንባብ ለማየት ብሎ በር ከፍቶ መቆም የለም።
4. መልቲሜትሩን ለማየት ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ፊት ለፊቱ አቁሙት። ከመውጣታችሁ በፊት ዜሮ አድርጉ። የንባቡ ዝላይ ከነሰከንዱ ተቀርጾ ይቀራል፣ ከዝላዩ በፊትና በኋላ ያለው መንሸራተትም እንዲሁ።
5. ራዲዮግራፈሩ 80 ኬቪና 20 ኤምኤኤስ (ሚሊአምፔር-ሰከንድ፣ የሚለቀቀውን የጨረር ብዛት የሚወስነው) ይልቀቅ። በዚህ ርቀት ዶዙ 1 ሚሊግሬይ አካባቢ ነው፤ ግሬይ የዶዝ መለኪያ ነው። መልቲሜትሩ ከጥቂት መቶ ሚሊቮልት እስከ ጥቂት ቮልት ድረስ ይዘላል።
6. በየመሃሉ ዜሮ ከማድረግ በቀር ምንም ሳትነኩ አሥር ጊዜ ድገሙ።
7. ቀጥሎ ኤምኤኤሱን 5፣ 10፣ 20 እያላችሁ ለኩ። 4 ቮልት የማይደርስ ከሆነ 40 ጨምሩ። ዶዙ እጥፍ ሲሆን ንባቡም እጥፍ መሆን አለበት።
8. በመጨረሻ ርቀቱን 50 ሴንቲሜትር አድርጉ። ንባቡ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ቀድማችሁ ኤምኤኤሱን ቀንሱ፣ ያለበለዚያ ኦፕ-አምፑ ጣሪያ ይነካል።

ቪዲዮውን ቤት ተቀምጣችሁ እዩት። ከዝላዩ በፊት የነበረውን 10 ሰከንድ መንሸራተት አስሉና ከንባቡ ቀንሱ። ይህን የማያደርጉ ሰዎች ናቸው ትንንሽ ዶዞች ላይ «መስመሩ ጠመመ» የሚሉት።

አሥሩ ንባብ ከተበታተነ ዲቴክተራችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ስለ መብራቱ ጠይቁ። መብራት ሲዋዥቅ ወይም ክፍሉ በጀነሬተር ሲሠራ የማሽኑ ውጤት ራሱ ሊለዋወጥ ይችላል። መፍትሔው ሁለተኛ መለኪያ ነው። የሆስፒታሉን መለኪያ ከጎኑ አስቀምጡና የሁለቱን ጥምርታ ተከታተሉ። ማሽኑ ቢዋዥቅም ጥምርታው ይረጋል።

ደረጃ 7፦ የጎንደርን አየር አስተካክሉ

መግቢያው ላይ ያነሳሁት 30 በመቶ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዳዮድ የአየር ግፊት አይሰማውም። የምታነጻጽሩበት አዮን ቻምበር ግን ለአየር ክፍት ከሆነ የሚለካው በውስጡ ባለው አየር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከ78 እስከ 79 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ቻምበሩ ደግሞ የተስተካከለው ለ101.325 ኪሎፓስካልና ለ20 ዲግሪ ነው። ስለዚህ እዚህ ከአንድ አምስተኛ በላይ አሳንሶ ያነባል። መታረም አለበት።

ማረሚያው የሁለት ክፍልፋዮች ብዜት ነው። አንደኛው፣ 273.15 ሲደመር የክፍሉ ሙቀት፣ ለ293.15 ሲካፈል። ሁለተኛው፣ 101.325 ለክፍሉ ግፊት ሲካፈል። ክፍሉ 22 ዲግሪ፣ ግፊቱ 78.5 ቢሆን፦ 1.007 ሲባዛ በ1.291፣ 1.30 ይሆናል። የቻምበሩን ንባብ በ1.30 ታበዛላችሁ።

አሁን ስህተቱን እዩ። ተማሪው ስልኩን ያወጣል፣ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ይከፍታል፣ ጎንደር ብሎ ይጽፋል። 1018 ሄክቶፓስካል ይላል። ያ ማለት 101.8 ኪሎፓስካል ነው። ስሌቱ ውስጥ ሲያስገባው ማረሚያው 1.00 ይወጣል። «እንግዲህ ማረም አያስፈልግም ማለት ነው» ይላል። መተግበሪያው አልዋሸም። የሚያሳየው ግን ከተማዋ ባሕር ወለል ላይ ብትሆን የሚኖራትን ግፊት ነው፤ ትንበያ የሚሠሩ ሰዎች ቦታን ከቦታ ለማነጻጸር እንዲህ ያደርጉታል። የእናንተ ቻምበር ያለው ባሕር ወለል ላይ አይደለም።

ስለዚህ፦

1. ባሮሜትሩን ኤክስሬይ ክፍሉ ውስጥ አስገቡና እዚያው አንብቡ። አንዳንድ ስልኮች ውስጣቸው ባሮሜትር አላቸው፤ ሴንሰሩን በቀጥታ የሚያሳይ መተግበሪያ ካላችሁ ይሆናል።
2. ቁጥሩ 100 አካባቢ ከሆነ አትጠቀሙበት። 78 ወይም 79 አካባቢ መሆን አለበት።
3. ከሌላ ሰፈር የተነበበ ግፊት አታምጡ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ወደ 0.9 ኪሎፓስካል ይለዋወጣል። አዘዞ ከከተማው መሃል ዝቅ ያለች ስለሆነች ብቻ አንድ በመቶ ስህተት ታተርፋላችሁ።
4. ኤሌክትሮሜትሩ (የቻምበሩን ቻርጅ የሚያነበው መሣሪያ) ራሱ የሚያርም መሆኑን ጠይቁ። የሚያርም ከሆነ እናንተ ደግማችሁ አታርሙ።
5. የቻምበሩን የካሊብሬሽን ወረቀት አንብቡ። መነሻ ሙቀቱ በአንዳንዱ 20፣ በአንዳንዱ 22 ዲግሪ ነው።
6. ቻምበሩ የታሸገ ዓይነት ወይም መለኪያው ራሱ በሲሊከን የሚሠራ ከሆነ ይህ ደረጃ አይመለከታችሁም።

ደረጃ 8፦ ካሊብሬሽን

1. ቻምበሩንና ዳዮዱን በእኩል ርቀት፣ ጨረሩ እኩል በሆነበት ክልል ጎን ለጎን አስቀምጡ።
2. በ80 ኬቪ አምስት ጊዜ ለኩ።
3. ቦታ አቀያይሯቸው፣ አምስት ጊዜ ድገሙ። አማካዩን ውሰዱ።
4. የታረመውን የቻምበር ዶዝ ለዳዮዱ ቮልቴጅ አካፍሉ። ይህ የካሊብሬሽን ቁጥራችሁ ነው፤ በቮልት ስንት ሚሊግሬይ እንደሆነ ይነግራችኋል።
5. በ60፣ በ100 እና በ120 ኬቪ ሁሉንም ድገሙ።

ቁጥሩ ከኬቪ ኬቪ ይለያያል። አትደንግጡ፣ ጥፋት አይደለም። የሲሊከን አቶሚክ ቁጥር 14 ነው፤ የአየርና የሰውነት ቲሹ አማካይ ወደ 7 ተኩል ገደማ ነው። በዝቅተኛ ኢነርጂ ከባዱ አቶም ጨረሩን አብዝቶ ይውጣል፤ ሲሊከን ከአየር ብዙ እጥፍ አጋንኖ ያነባል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ ኬቪውን ጻፉ። በ80 የተገኘን ቁጥር ለ120 መጠቀም አይቻልም።

የክፍሉንም ሙቀት ጻፉ። የዳዮድ ንባብ በየዲግሪው ከ0.1 እስከ 0.5 በመቶ ይጨምራል። የራሳችሁን ዳዮድ ጠባይ ለማወቅ በማለዳና በቀትር አንድ ዓይነት ኤክስፖዠር ስጡትና ከቻምበሩ ጋር አስተያዩ።

ካፓሲተር ከቀየራችሁ፣ ዳዮድ ከቀየራችሁ ወይም የፊቱን ፎይል ከነካችሁ ካሊብሬሽኑ ፈርሷል። እንደገና ጀምሩ።

ደረጃ 9፦ ወደ ራዲዮቴራፒ ጨረር ስትሄዱ

ሜዲካል ፊዚሲስት አብሮ ከሌለ ይህን ደረጃ አትሞክሩ። እሱ ካለ ሦስት ነገር ይለወጣል።

ካፓሲተሩን 100 ናኖፋራድ አድርጉ። ዶዙ በግሬይ ስለሚቆጠር በ1 ናኖፋራድ ወዲያው ይሞላል።

ዳዮዱን አየር ላይ አትተዉት። ከላዩ ፕላስቲክ ወይም ውሃ ይኑር፤ ለኮባልት 60 ግማሽ ሴንቲሜትር፣ ለ6 ሜጋቮልት ሊናክ (ኤሌክትሮን አፋጥኖ ጨረር የሚያወጣ ማሽን) 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ። ያለሱ ዶዙ ገና ሙሉ ሳይሆን ትለካላችሁ።

ካሊብሬሽኑን ከዜሮ ሥሩ። የኤክስሬይ ክፍሉ ቁጥር እዚህ አይሠራም።

ሌላም ነገር ይከተላል። ጨረር ሲሊከኑን እያደር ይጎዳዋል፣ ንባቡም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መጀመሪያ ፈጥኖ ይወርዳል፣ ከዚያ ይዘገያል። ለዚህም ነው ፋብሪካዎች ዳዮዱን ከመሸጣቸው በፊት ብዙ ዶዝ የሚያጠጡት። እናንተ ደብተራችሁ ላይ ዳዮዱ እስካሁን የተቀበለውን ድምር ዶዝ እየጻፋችሁ በየጊዜው ከቻምበሩ ጋር አስተያዩት።

ሲበላሽ የት ልፈልግ?

ንባቡ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሮጣል። ዳዮዱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ። ከቆመ ብርሃን ነው። ካልቆመ ቦርዱን እንደገና እጠቡ።

ንባቡ ይንቀጠቀጣል። የቆርቆሮው ክዳን ግራውንድ መንካቱን እዩ። ብዙ ጊዜ ክዳኑ ቀለም ስላለው አይነካም፤ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ፋቁት። አጠገቡ ያለ የስልክ ቻርጀርም ይነቀል።

ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ዳዮዱ ተገልብጧል። ካቶዱ 2ኛው እግር ላይ መሆን አለበት።

ምንም ያህል ቢጨመር ከ5 ወይም 6 ቮልት አያልፍም። ኦፕ-አምፑ ጣሪያ ነክቷል። ያ ንባብ አይቆጠርም። ኤምኤኤስ ቀንሱ ወይም ካፓሲተር አሳድጉ፣ ከ4 ቮልት በታች ሥሩ።

ዜሮ ካደረጋችሁት በኋላ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ካፓሲተሩ ሴራሚክ ነው፣ ወይም ማብሪያውን ቶሎ ለቃችሁታል። 5 ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ።

ሰው ሲያልፍ ቁጥሩ ይዘላል። ኬብሉ ነው። ወለሉ ላይ ከሆነ አንሱት፣ ጠረጴዛው ላይ አጣብቁት።

በርቀት ፈተናው አራት እጥፍ አልወጣም። ጠረጴዛውና ወለሉ የሚመልሱት ጨረር ሊሆን ይችላል። የጨረሩን ክልል በኮሊሜተሩ (የጨረሩን ስፋት በሚወስነው የማሽኑ ክፍል) አጥብቡና ድገሙት። ርቀቱንም ከቱቦው ሽፋን ሳይሆን ሽፋኑ ላይ ከተመለከተው የጨረር መነሻ ነጥብ ለኩ።

በጋ ላይ የሠራው ክረምት ላይ ይፈሳል። እርጥበት ነው። ቆርቆሮውን ክፈቱ፣ ቦርዱን በአልኮል እጠቡ፣ ለብ ባለ የፀጉር ማድረቂያ አየር አድርቁ፣ እርጥበት ሳቢ ከረጢቶቹን ቀይሩ። ከዚያ የደረጃ 5ን ፈተና ድገሙ። በሰከንድ 0.5 ሚሊቮልት ካላለፈ የድሮው የካሊብሬሽን ቁጥራችሁ አሁንም ይሠራል።